በካርታ ላይ የቀዘቀዘው መንገዳችን

ሐዋሳ ነፋሻ ከተማ ናት የሚለኝ ሰው ካለ ከዚህ በኋላ ባይለኝ ደስ ይለኛል። ሐይቁ ዳር ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ዓሣውን በልቶ፣ ፎቶውን ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ስለ ከተማዬ አየር ሊያስተምረኝ ሲነሣ ደሜ ይፈላል። እሱን ያገኘው ነፋስ ከሐይቁ ተነሥቶ እሱ ወንበር ላይ ያልቃል። እኛ ዘንድ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አይደርስም። በመሐል ፎቅ አለ፣ አስፋልት አለ፣ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፈ ቆርቆሮ አለ። የካቲትና መጋቢት ላይ እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ሰፈር ውሻ እንኳ አይጮኽም።

ደግሞም ዋናው ንዴቴ በሆቴል እንግዶች ላይ አይደለም። እነሱ ምን ያውቃሉ። ንዴቴ በሚያውቁት ላይ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በወጣትነቱ ከጎጃም ተመድቦ መጣ፣ እናቴን እዚህ አገባ፣ እዚሁ ቀበራት፣ ከዚያ ወዲህ አገርህ የት ነው ሲሉት «ምሥራቅ» የሚል ሰው ሆነ። የሰፈሩን ግማሽ አስተምሯል። መንገድ ላይ ሲያዩት ባጃጅ ነጂዎች ቆመው «ጋሼ፣ ይግቡ ላድርስዎት» ይሉታል። የልብ ድካም ከያዘው ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ከበር እስከ አጥር ሄዶ ያርፋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጻፈለት በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ጨው ይቀንሱ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሙቀት አያግኛቸው፤ ልባቸው አይችለውም» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ከማለት በቀር ምን ይባላል?

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው ይንጣጣል። እኩለ ቀን ላይ በጆግ የተቀመጠው ውሃ ለብ ይላል፤ አልጋው ላይ እጅህን ብታሳርፍ ሌላ ሰው አሁን ተነሥቶበት የሄደ ይመስልሃል። «መስኮት ክፈቱ» ይሉናል ሰዎች። መስኮታችን የሚከፈተው ጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው።

አባቴን ያኖሩት ሁለት ሾላዎች ናቸው። ከአጥራችን ውጭ፣ መንገዱ ዳር ነበሩ፤ ማን እንደተከላቸው የሚያውቅ የለም። ማለዳ ወንበሩንና ሬዲዮኑን ይዞ ይወጣል፣ ጥላው ሲዞር አብሮ ይዞራል፣ ፀሐይ ስትገባ እሱም ይገባል። ፍሬው ኮቱ ላይ ይወድቃል፣ ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ልጣጭ ይጥልበታል፤ ግድ የለውም። ጎረቤታችን የሆነች አንዲት የሲዳማ ሴት ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን አውጥታ ከጎኑ ትሰፋለች። መዝሙር እያንጎራጎረች ነው የምትሰፋው። አባቴ፣ ጾም የማያስታጉል ኦርቶዶክስ፣ የሷን የፕሮቴስታንት መዝሙር አብሯት ሲያንጎራጉር ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ። ሲያየኝ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እኔ የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። ስለ ከተማ ሙቀት የሚያጠና ቡድን መረጃ ሰብሳቢ ይፈልጋል ሲባል ዘልዬ ነው የገባሁበት። ነገሩ ከባድ አይደለም። አፈርና ቅጠል ውስጣቸው ውሃ ስላለ ፀሐይዋን ያበርዷታል። አስፋልት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን ቀኑን ሙሉ ይጠጧትና ሲመሽ ይተፉብናል። ስለዚህ ከተማ በዙሪያዋ ካለው ገጠር ይልቅ ትግላለች፤ በቀዝቃዛ አገር መሐል ብቻዋን የጋለች ደሴት ትሆናለች፤ የሙቀት ደሴት የሚሉት ይህንን ነው። ከተማዋ ውስጥም ሰፈር ከሰፈር፣ መንገድ ከመንገድ ይለያያል። የትኛው እንደሚግል በካርታ ከታወቀ የት ዛፍ እንደሚተከል፣ የትኛው ዛፍ መነካት እንደሌለበት ይታወቃል። የተነገረን እንዲህ ነበር፤ እኔም አመንኩ። ሳይንሱን ዛሬም አምነዋለሁ። የማላምነው ሰዎቹን ነው።

መለኪያችን ሽጉጥ የሚመስል ነገር ነበር። ወደ መሬት ወይም ወደ ግድግዳ አነጣጥረህ ቃታውን ስትስበው የገጹን ሙቀት ይነግርሃል። ሰዉ የሚያውቀው ከኮሮና ጊዜ ነው፤ ገና ከቦርሳ ስናወጣው ግንባሩን ያቀርብልናል። «የምንለካው መሬቱን ነው» ስንል «መሬትም ትኩሳት አላት እንዴ?» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። መጀመሪያ ሰሞን እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ከከተማው ጫፍ፣ ቡሹሎ ሄደን እርሻው ላይ፣ እንሰቱ ሥር ለካን፤ ቀዝቃዛ ነበር። አዲስ ከተማ የሚባለው ክፍለ ከተማ ገበያ መሐል ቆመን «እህት፣ ዞር በይልኝ፣ ደንበኛ ከለልሽብኝ» እየተባልን፣ እየተገፋን ለካን፤ መሬቱ ይፋጃል። ሁለቱም እውነት ነበር። ጉዱ የመጣው መኖሪያ ሰፈሮች ስንገባ ነው።

መሣሪያ ይዘህ ዝም ብለህ የሰው ሰፈር አትገባም። ለቀበሌ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቀበሌው ለመንደሩ ተወካይ ይነግራል፣ ተወካዩ ቤት ለቤት ዞሮ «ነገ አጥኚዎች ይመጣሉ» ይላል። እንግዳ ይመጣል የተባለ የሐዋሳ ሰው ምን ያደርጋል? ደጁን ይጠርጋል። ከዚያ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ይረጫል። ሲረጭ ደግሞ ለጉድ ነው፤ እጁን ባልዲ ውስጥ እየነከረ ማርከፍከፍ አይደለም፣ ባልዲውን መድፋት ነው። እኛ ስንደርስ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ረጥቦ ይጠብቀናል፤ አንዳንዱ በር ላይ ሣር ሳይቀር ተጎዝጉዟል። እርጥብ መሬት ላይ መለኪያው የሚናገረው ስለ ውሃው ነው እንጂ ስለ ሰፈሩ አይደለም። አዲስ ከተማ ማንም ስላልተቀበለን እውነቱን አገኘን፤ ሌላው ጋ ስላከበሩን ውሸት ይዘን ተመለስን።

ለጥናቱ መሪ ገና የመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ። ሁላችንም ዶክተር የምንለው ሰው ነው፤ ጥሩ ጫማ የሚያደርግ፣ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚናገር።

«ዶክተር፣ ሳናስነግር እንግባ። ወይም ደግሞ መሬቱ እስኪደርቅ ጠብቀን እንለካ» አልኩት።

ሳቀ። «ሕዝባችን እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እንግዳ ተቀባይነቱን መች ጠላሁት። ቁጥሩ ግን ውሸት ነው እኮ።»

«ቁጥር አይዋሽም» አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ። መኪናው ኤሲ አለው። በሩን ሲዘጋው ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ነካኝ፤ ያ ብቻውን ሊያሳብደኝ ነበር።

ደጋግሜ ነገርኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጊዜ የለም፣ ሪፖርቱ ይጠበቃል፣ ድጋሚ ለመለካት በጀት አልተያዘም። የኛ መንገድ ተራ ሲደርስ እቤት ቁጭ ብዬ አባቴን ለመንኩት። «አባዬ፣ ነገ ውሃ እንዳይረጭ ለሰዎቹ ንገርልኝ። አደራ።» «እሺ» አለኝ። የአባቴን እሺ ማመኔ! በማግስቱ መኪናችን ጥጉን ስትታጠፍ መንገዱ በሙሉ እንደ መስታወት ያበራል። ባልዲ የያዙ ሴቶች ሁለቱም ዳር ተሰልፈዋል። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሰብስባ ከሁሉም ፊት ናት። አባቴ መሐል ላይ ቆሟል፤ በበዓል ኮቱ፣ ከዘራውን እንደ ማስተማሪያ ዱላ ዘርግቶ «እዚያ ጋ ቀርቷል፣ እዚያ ጋ» እያለ ያዛል።

ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። «ምን አልኩህ? ምን ብዬ ለመንኩህ?» ጮኽኩ። እውነቴን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ።

ልብስ ሰፊዋ ባልዲዋን አስቀምጣ «ምን ሆነሽ ነው? እንግዳ መጥቶ አቧራ ላይ እናቁም እንዴ?» አለችኝ።

አባቴ አላየኝም። ዶክተሩን ነው የሚያየው። ኮፍያውን አውልቆ «የልጄ አለቆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። ዶክተሩ በሁለት እጁ ጨብጦት «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ንጹሕ ሰፈር ነው!» አለ። አባቴ ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ቃታውን እኔ አልስብም አልኩ። ሌላው ባልደረባዬ ሳበው።

ማታ እቤት ለምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። «ልጄ ተምራ ሰው ይዛ መጣች። አቧራ ላይ እንድቀበልሽ ነው?» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁና ሾላው ሥር ተቀመጥኩ።

ወራት አልፈው ውጤቱ በአንድ አዳራሽ ቀረበ። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ እኔማ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የተቀመጥኩት። ስለ ከተማ ሙቀት ለመወያየት ሰዉ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ በረድፍ ተደርድሯል። ከዚያ ካርታው ግድግዳው ላይ በራ። አዲስ ከተማ ገበያው ቀይ ነው፤ ትክክል። የኛ መንገድ ሰማያዊ ነው። ሐይቁ ራሱ ያን ያህል ሰማያዊ አይደለም። ጠላት አልሠራውም፤ ባልዲ የያዙት ጎረቤቶቼና የበዓል ኮት የለበሰው አባቴ ናቸው የቀቡት። እነሱን ልናደድባቸው አልቻልኩም፤ ይህ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

አንድ ወጣት መሐንዲስ ተነሣ። በከተማዋ መንገድ የማስፋት ሥራ ከያዘው ቢሮ ነው የመጣው። ጥናቱ በጣም ጠቃሚ ነው ብሎ አመሰገነና «ቀይ የሆኑት ላይ ዛፎቹን እንጠብቃለን፤ ሰማያዊዎቹ ላይ ግን የሙቀት ችግር ስለሌለ ሥራችንን መቀጠል እንችላለን» አለ። ተጨበጨበለት። እጄን አወጣሁ። መድረክ መሪው «ጥያቄ ከሻይ በኋላ» አለ። ከሻይ በኋላ መሐንዲሱ ሄዷል። ዶክተሩ ሳምቡሳ እየበላ «ጥናት ፍጹም አይሆንም፣ ወደፊት ይሻሻላል» አለኝ። ሳምቡሳውን ከእጁ አለመንጠቄ ይገርመኛል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ሾላዎች ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ያ ምልክት ይቆረጣል ማለት እንደሆነ እዚህ ከተማ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። አባቴ አይቶት «ለበዓል ያስዋቧቸው ነው የመሰለኝ» አለና ሊስቅ ሞከረ።

ያንን ቢሮ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት እኔና ጫማዬ እናውቃለን። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ፊልድ ወጥተዋል።» «ነገ ብትመለሺ።» በመጨረሻ መሐንዲሱን ደረጃው ላይ አገኘሁትና መንገድ ዘጋሁበት። ዓይን አውጣ ካሉኝም ይበሉኝ።

«ካርታውን የሠራችሁት እናንተው እኮ ናችሁ» አለኝ። «ሠርታችሁ ሰጣችሁን፣ ተጠቀምንበት። አሁን ደግሞ ውሸት ነው ትያለሽ?»

ስለ ባልዲው ነገርኩት። የልብ ድካም ያለበት አባት እንዳለኝ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ እነዚያ ዛፎች ከሄዱ ቀን ቀን የሚቀመጥበት እንደሌለው ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ስለ አባቴ ስነግረው ግን ሳቁን ተወ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «እኔ ራሴ መጥቼ እለካለሁ። ትኩስ ከሆነ እናየዋለን» አለኝ።

እቤት ስገባ ጦርነት ሆነ።

«አባዬ፣ አንድ ጠብታ ውሃ መሬት ላይ እንዳላይ።»

«እንግዳ አቧራ ላይ አልቀበልም።»

«እንግዳ አይደለም! ዛፍህን ሊቆርጥ የሚመጣ ሰው ነው!»

«ቤቴ የመጣ ሁሉ እንግዳ ነው።»

ከንዴት ብዛት አለቀስኩ። ሞትህን በባልዲ እየቀዳህ ነው አልኩት፤ ለአባት የማይባል ነገር ተናገርኩ። በመጨረሻ «እሺ። ወንበር ግን አወጣለሁ» አለ። ልብስ ሰፊዋ ጋም ሄጄ አስማልኳት። «እንግዳ መቀበል የማያውቁ ስዶች ናቸው ቢሉን እኔ የለሁበትም» አለችኝ፤ ግን ማለች።

መሐንዲሱ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ከሆነ አይቀር በዚያ ሰዓት ይሁን ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። መንገዱ አመድ ነው። መሐሉ ላይ ቆሞ አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ፣ ቁጥሩን አየ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደገመ፣ የጎረቤትን ቆርቆሮ አጥር ለካ። በጎኑ አጮልቄ አየሁት። በቁጥሩ ከሆነ ያለነው አዲስ ከተማ ገበያ መሐል ነው ማለት ይቻላል። ሰፈሬ በመቃጠሉ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

መሐንዲሱ ግንባሩን ጠረገና «እውነትሽን ነው፣ ይግላል» አለ። ከዚያ ሾላዎቹን ቀና ብሎ አየ። «ግን እኮ ዛፍ እያለውም ይህን ያህል ከጋለ ዛፉ ምን ጠቀመው?»

የሰማሁት እውነት አልመሰለኝም። ቆሽቴ አረረ።

«ሲቀዘቅዝ ዛፍ አያስፈልገውም፣ ሲግል ዛፉ አይጠቅመውም! ታዲያ ዛፍ መቼ ነው የሚያስፈልገው? ንገረኝ! ጥላው ሥር ግባና ለካ!»

«የምናሰፋው መንገዱን ነው፣ የምለካውም መንገዱን ነው» አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

የልብስ ስፌት መኪናው ጸጥ አለ። ያለኝን ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ሰብስቤ ልለቀው ስል አባቴ ከወንበሩ ተነሣ።

«ልጄ፣ እሷ እንደዚህ ናት፤ አትቀየማት» አለው። «ና፣ ቤት ግባ። ደጅ ቆሞ የሄደ እንግዳ የለኝም።»

«ጋሼ፣ አያስቸግሩ፣ ቢሮ ይጠብቁኛል።»

«ግባ እንጂ። ለትንሽ ነው።»

ሽበታም ሰው እጅህን ይዞ ግባ ሲልህ እንቢ አይባልም። ገባ። እኔ ተከትዬ ስገባ ንዴቴ ወደ አባቴ ዞሮ ነበር፤ አሁንም መስተንግዶ! አባቴ መሐንዲሱን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠው፣ ራሱ ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ወሬ ጀመረ። የማን ልጅ ነህ? የት ተማርክ? እናትህ ደህና ናቸው? አባትህስ ምን ይሠሩ ነበር? ከላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል። መሐንዲሱ በመጀመሪያ የአንገት ቁልፉን ፈታ። ከዚያ በወረቀት ራሱን ማራገብ ጀመረ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። አባቴ «ጂኦሜትሪስ ትወድ ነበር?» ይለዋል።

የአባቴ ከንፈር ሲጠቁር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በየቃሉ መሐል ትንፋሽ ይሰበስባል። ይቺን ክፍል በዚያ ሰዓት ከገባባት ስንት ጊዜ ሆኖታል? «አባዬ፣ በቃ» ልል አፌን ስከፍት ቀና ብሎ አየኝ። ተማሪዎቹን ዝም የሚያሰኝበት አስተያየት ነው። መስተንግዶ አለመሆኑ ገባኝ። ወይም መስተንግዶ ነው፤ ባለው ነገር ሁሉ እያስተናገደው ነው።

«ጋሼ» አለ መሐንዲሱ በመጨረሻ፣ «ውጭ ሆነን ብንጫወትስ?»

«ደስ ካለህ።»

ወጣን። መሐንዲሱን እግሩ ቀጥ አድርጎ ሾላው ሥር ወሰደው። የአባቴ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አባቴ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«እዚህ ይሻላል?» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ እዚህማ ሌላ አገር ነው።»

«እኔም እሱን ብዬ ነው» አለ አባቴ።

መሐንዲሱ ዓይኑን ገለጠ። ወደ ቅጠሉ አየ፣ ቀዩን ቀለም አየ፣ ከወንበሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። «አለቆቼን አነጋግራለሁ ጋሼ» አለ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። የሚያነጋግር መስሎኝ ነበር፤ ምናልባትም አነጋግሯል። የሚሰማ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም።

አንድ ማለዳ መጋዝ ይዘው መጡ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረሱ። ሾላ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ መንገዱ መሐል ድረስ ፈሰሰ። ጉሬዛዎቹ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ወጥተው ቁልቁል አዩ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን በጋሪ ጭና አዲስ ከተማ አንድ በረንዳ ተከራየች፤ አሁን የምናያት እሑድ እሑድ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ሠራተኞቹን ስራገም አባቴ ጆጉን ይዞ ወጣና ውሃ ሰጣቸው። «ፀሐይ ላይ ናቸው እኮ» አለኝ። በቃ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። እኔ ግን አይደለሁም፤ ይቅርታም አላደረግኩም፣ አላደርግምም።

መንገዱ ሰፋ። የሚሄድበት መኪና ግን ያው የድሮው ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ መጋቢት ቤት ውስጥ ወደቀ። ጤና ጣቢያ ወስደን ነቃ፤ ነርሷ «ቀን ቀን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያቆዩዋቸው» አለችኝ። የት? ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት በጥፊ የምላት ነው የመሰለኝ። ያ ጥናት አልቋል፤ እኔ ሌላ ሥራ ይዣለሁ። ቀን ቀን እቤት የለሁም።

ከዚያ ሰሞን በኋላ አባቴ ተሻለው። ቁርሱን በልቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ከእኔ እኩል መውጣት ጀመረ። የት ትሄዳለህ ስለው «ጓደኞች ጋ» ይለኛል። ደስ አለኝ። እውነትም የማን በረንዳ ይሆን ብዬ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ልፈልገው ወጣሁ። የባጃጅ ነጂዎቹን ስጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ መሬት መሬት እያየ «ባንክ ቤት ናቸው» አለኝ።

ባንኩ አዲስ ነው፤ ፊቱ ሁሉ መስታወት። በሩን ስገፋ ብርዱ ተቀበለኝ። አባቴ ከኋላ ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ከዘራውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ ተቀምጧል። እጁ ላይ የወረፋ ወረቀት አለ። ከላይ ማሽኗ በሴት ድምፅ ቁጥር ትጠራለች። የሱን ቁጥር ጠራች። አልተነሣም። ዝቅ ብሎ ወረቀቱን አየ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ከኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣ።

ዘበኛው ወደ እኔ መጣ። «እህት፣ አባትሽ ናቸው? በየቀኑ ይመጣሉ። ወረፋ ይይዛሉ፣ ሲጠሩ አይነሡም፣ ሌላ ይቆርጣሉ። እኔ ዝም ብያለሁ፤ ግን ወንበሩ የደንበኛ ነው። አለቃ አይቷቸዋል።»

እንደ እሳት ነደድኩ። ይህ ሰው ማን ፊት እንደቆመ ሊያውቅ ይገባል። ሥራ አስኪያጁም፣ ደንበኛውም፣ ከተማውም ይስማ ብዬ አፌን ከፈትኩ። አባቴ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ጎተተኝ። ያን ያህል ዓመት ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ሲቆም ያልፈራ ሰው፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

«ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «ያስወጡኛል።»

ዝም አልኩ።